በሁምቦ ሜዳ ስለሞቱት አቶ ባዳቾ አንጁሎ የሰጠሁት የሐሰት ቃል እንዲታረም

ለዞኑ የመንገድ ትራፊክ አደጋ ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ቀን፦ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አመልካች፦ ደገፉ ጩማ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር፣ ነዋሪነቱ ሶዶ ከተማ

ጉዳዩ፦ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተበላ ከተማ ወጣ ብሎ በደረሰው የሞት አደጋ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ የተዘጋው መዝገብ ተከፍቶ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ይህን ማመልከቻ የማቀርበው ተበድዬ አይደለም። በክፍልዎ የሚገኘው መዝገብ ጥፋቱን ከእኔ አንሥቶ በሟች ላይ አድርጎታል። ይህ የሆነው መርማሪው ስለተሳሳተ ሳይሆን እኔ ስለዋሸሁት ነው። ስለዚህ አቤት የምለው በራሴ ላይ ነው። ጽሑፉ ስለረዘመ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። አሳጥሬ ብጽፈው ግን ያስቀረሁት ነገር እንደገና ውሸት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

1. ዕድሜዬ አርባ ሰባት ዓመት ነው። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። መሪ ከያዝኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ መጀመሪያ ከሶዶ ቦዲቲ በሚኒባስ ስመላለስ ቆይቼ፣ ካለፉት ስድስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ቅጥቅጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ሰው ቀርቶ በግ ገጭቼ አላውቅም። መጠጥ አልቀምስም፣ ጫትም አልቅምም። ይህን የማነሣው ቅጣት እንዲቀልልኝ አይደለም። መሪ ላይ የሚተኛው ግዴለሽ ሰው ብቻ ነው ብዬ ዘመኔን ሁሉ አምን ስለነበር ነው።

2. በመኪናችን ላይ የነበረው ሥርዓት ከአዲስ አበባ ሶዶ ድረስ እኔ ነድቼ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ ድረስ ባልደረባዬ አቶ ጌታነህ እንዲረከበኝ ነበር። በዚያ ማክሰኞ ሆሳዕና ላይ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ፤ አቶ ጌታነህ በወባ መተኛቱ ተነገረኝ። ከመናኸሪያ የደወለልኝ ሰው “ሌላ ሹፌር እንፈልግልህ ወይስ ትችላለህ?” ብሎ ጠየቀኝ። “እችላለሁ” አልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ያንኑ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ነድቼ፣ አራት ሰዓት ብቻ ተኝቼ፣ ከንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር የተነሣሁት። ሶዶ ስደርስ ምሳዬን በሃያ ደቂቃ በልቼ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ከሩብ ሃያ ሰባት ተሳፋሪ ይዤ ወደ አርባ ምንጭ ወጣሁ። ባለቤቴ ሩት በዚያ ሰዓት ቤት ነበረች፤ ቤታችን ከመናኸሪያው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ገብቼ ጋደም ልል እችል ነበር።

3. ክቡር ሆይ፣ ይህ አንቀጽ ለማስረዳት የሚከብደኝ ነው። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው አንገቱ ይሰበራል፣ ዓይኑ ይከደናል ብለን እናስባለን። የእኔ እንደዚያ አልነበረም። ከሶዶ ብርድ ወደ ሁምቦ ሙቀት ስንወርድ መንገዱ ቀጥ አለ። ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ ተሳፋሪው ምሳ በልቶ ዝም ብሏል፤ ግራና ቀኙ ያው የተቃጠለ የበቆሎ አገዳ ነው። መጀመሪያ አዛጋሁ። ቀጥሎ የመንገድ ምልክት አንብቤ፣ ያነበብኩት ምን እንደሆነ ጠፋኝ። መስኮት ከፈትኩ፤ የገባው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነበር። ማስቲካ አኘክሁ። ጭኔን ቆነጠጥኩ። መዝሙር ጀመርኩና ትንሽ ቆይቼ ሳስተውል ያችኑ አንዲት ስንኝ እየደጋገምኩ ነበር። ያኔ ጥግ መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም። “ተበላ ስደርስ ወርጄ ፊቴን እታጠባለሁ” አልኩ ለራሴ።

ተበላን አላየኋትም። ሰው፣ ጋሪና ባጃጅ በሚተራመስበት ከተማ መሃል አልፌያለሁ፤ ፍጥነት ቀንሼ፣ ምናልባትም ጥሩምባ ነፍቼ አልፌያለሁ። ዓይኔ እንዳልተከደነ ኋላ አንዲት ምስክር ነግራኛለች። ማለፌን ግን እስከ ዛሬ አላስታውሰውም። ያ የመንገድ ቁራጭ ከእኔ ዘንድ የለም። አቶ ባዳቾ የሞቱት በዚያ በሌለኝ መንገድ ላይ ነው።

4. ያነቃኝ ዝናብ ነው። እንዲያ መስሎኝ ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው መስታወት በውኃ ተሸፍኖ ነበርና እጄን ሰድጄ የመስታወት መጥረጊያውን አበራሁ። በየካቲት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው። መጥረጊያው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ከኋላዬ የሰው ጩኸት ሰማሁ፤ ፍሬን የያዝኩትም ያኔ ነው። ውኃው ጋሪ ላይ ከነበሩት ጄሪካኖች የፈሰሰ ነበር።

5. ወርጄ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጋሪው ከአስፋልቱ ውጪ በቀኝ በኩል ተገልብጧል። አህያው ማሰሪያው ተበጥሶ፣ ምንም ሳይሆን ቆሟል። ሰውየው ከቦዩ ማዶ ወድቀው ነበር፤ እኔ ስደርስ አንድ ገበሬ በጋቢው ሸፍኗቸዋል። ጋቢውን ልገልጠው አልደፈርኩም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የገደልኩትን ሰው ፊት በሕይወትም ሞተውም አላየሁትም።

6. በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መርማሪው “ሲገባብህ አየኸው?” ብሎ ጠየቀኝ። “አየሁት” አልኩ። አላየሁም ብል ምን እያደረግህ ነበር የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አውቄ ነበር። አንድ ጊዜ “አየሁት” ካልኩ በኋላ ግን ምን እንዳየሁ መናገር ግድ ሆነ። “ከየት መጣ?” ሲለኝ “ከግራ፣ ከበቆሎው ውስጥ በድንገት ወጣ” አልኩ። “ምን እያደረገ?” ሲለኝ “አህያውን በዱላ እየመታ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነበር” አልኩ። በመንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት ለምን እንደሌለ ሲጠይቀኝም “ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አልሰጠኝም” አልኩት። ይህ ሁሉ ተጻፈ፤ ፈረምኩበት። ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ተኝተው ስለነበር ከጩኸቱ በፊት የሆነውን አየሁ ያለ አልተገኘም። መዝገቡ በሟች ጥፋት ተብሎ ተዘጋ፤ እኔም በአሥራ አንደኛው ቀን ከእስር ተፈትቼ ቤቴ ገባሁ።

7. በቀጣዩ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ተነሥቼ እንድመሰክር ተደረገ። ከሞት አፋፍ ስለመትረፌ ተናገርኩ፤ ምእመናኑ አመሰገኑ። ሩት እያለቀሰች አቀፈችኝ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ሽማግሌዎች ይዘውኝ ወደ ሟች ቤት ሄዱ። ቤተሰቡ በክብር ተቀበሉን፤ ይቅርታም አደረጉልኝ። እርቁ አልቆ ልንነሣ ስንል የሟች ባለቤት ወ/ሮ አስካለች ዳና በወላይትኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

“መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ። ምን ይመስል ነበር?” አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ለመርማሪው ያልኩትን ደገምኩላቸው። ዱላውን ስጠራ ፊታቸው ተለወጠ።

“ዱላ? ባዳቾ ዱላ ይዞ አያውቅም። ያን አህያ እንደ ልጁ ነበር የሚያየው” አሉ።

ያኔ ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ዝም ስል ግን ወ/ሮ አስካለች የራሳቸውን እውቀት ትተው የእኔን ውሸት አመኑ። “ለካ በእኔ ተናዶ ነው” አሉ። በዚያ ቀን ጠዋት አቶ ባዳቾ ያመጡትን ውኃ ለጎረቤት አከፋፍለው ስለነበር፣ እሳቸው “ለሰው እያደልክ እኛን አስጠማኸን” ብለው ተቆጥተዋቸው ኖሯል። ሰውየው መልስ ሳይሰጡ ጋሪያቸውን ጠምደው ለሁለተኛ ጊዜ ውኃ ሊቀዱ ወጡ። “ልቡ ሌላ ጋ የሄደው እኔ ስለተቆጣሁት ነው። አህያውን የመታው በእኔ ፈንታ ነው” አሉ ወ/ሮ አስካለች። ሽማግሌዎቹ አጽናኗቸው። እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር “አይዞዎት” አልኩ።

8. ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ከተበላ በታች ያለው መንገድ ላይ እንቅልፍ አይዞርብኝም፤ እዚያ ስደርስ ልቤ ስለሚመታ ልተኛ ብልም አልችልም። ነገር ግን ከበቆሎው ውስጥ ሰው ይወጣብኛል። ዱላ አንሥቷል፣ ፊቱን አዙሯል። እኔ ለመርማሪው የሠራሁት ሰው ነው። እውነተኛውን ስለማላውቅ ሊመጣብኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። በግንቦት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔ ሦስት ጊዜ በባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይዣለሁ። በመጨረሻው ጊዜ አንዲት ነፍሰ ጡር ግንባሯን የፊቱ ወንበር መታት። ተሳፋሪዎች “ምን ሆነህ ነው?” ሲሉኝ “ውሻ ነው” አልኳቸው። ይህም ውሸት ነበር።

የአቶ ባዳቾን መልክ ለማወቅ ጣርኩ። የተበላ ጋሪ ነጂዎችን በሰበብ አስባቡ እጠይቃለሁ። አንዱ ረጅም ነበሩ ይለኛል፤ ሌላው ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር አለኝ። የነገሩኝን ሰብስቤ ማታ አልጋዬ ላይ ፊት ልሠራ እሞክራለሁ። አይሆንልኝም፤ ሁልጊዜ ዞሮብኝ ነው የሚቀረው።

9. በሐምሌ ወር ቦዲቲ ላይ ተሳፋሪ ሳወርድ ወ/ሮ ሶፍያ የተባሉ የጨርቅ ነጋዴ ቀረቡኝ። በአደጋው ቀን ልክ ከጀርባዬ ተቀምጠው የነበሩ ናቸው። ቸኩለው በሌላ መኪና ወደ አርባ ምንጭ ስለሄዱ ቃላቸውን የተቀበላቸው ሰው አልነበረም።

“ወንድሜ፣ ያን ቀን አሞህ ነበር እንዴ?” አሉኝ።

“ለምን ጠየቁኝ?” አልኳቸው።

“ዓይንህን በመስታወቱ አየው ነበር። ፈጦ ነበር፤ ግን አያይም። ተበላ ከመግባታችን በፊት ‘ሹፌር፣ ደህና ነህ?’ አልኩህ። ‘አቤት’ አልከኝ። ከከተማው ስንወጣ ደግሜ ጠራሁህ። አሁንም ‘አቤት’ አልከኝ። ካልክ ደህና ነው ብዬ ተውኩት። ደግሜ ባለመጮኼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።”

ሁለት ጊዜ አቤት ብያለሁ። አንዱንም አላስታውስም። እስከዚያ ቀን ድረስ ለራሴ “ለቅጽበት ዓይኔን ብጨፍን ነው” እለው ነበር። ቅጽበት አልነበረም፤ ከተማ የሚያሳልፍ ርቀት ነበር። ወ/ሮ ሶፍያ ምንም ሳያጠፉ የእኔን ጥፋት ተሸክመው ይዞሩ እንደነበርም ያን ጊዜ ገባኝ። ወ/ሮ አስካለች ቤት ደግሞ ሌላው ሸክም አለ። በማግስቱ መኪናውን አስረከብኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልነዳሁም። ለሩትም ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው “መጀመሪያ ወደ ሴትየዋ ሂድ” አለችኝ።

10. ሂድ ያለችኝን ለመሄድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን መሻገር ነውር ነው። እኔ ደግሞ ከቂም የከፋ ነገር ይዤ ነበር። ጊፋታ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ያለ ሽማግሌ፣ ብቻዬን ሄድኩ። ወ/ሮ አስካለች ደጃፋቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ተኝቼ እንደነበር፣ ዱላውን እንደፈጠርኩት፣ ከበቆሎው ወጣ ያልኩትም ውሸት እንደሆነ፣ ጋሪው ከወደቀበት እንደሚታወቀው በቀኝ በኩል በጥጉ ይሄድ እንደነበር ነገርኳቸው።

መፈልፈላቸውን አላቆሙም። “ታዲያ ምን አየህ?” አሉኝ።

“ምንም።”

“ምንም?”

“ውኃውን ብቻ ነው ያየሁት፤ ዝናብ መስሎኝ ነበር።”

ያን ጊዜ እጃቸው ቆመ። “ጄሪካኖቹ ሞልተው ነበር?” አሉኝ። ሞልተው እንደነበር ነገርኳቸው። “እንግዲያ ቀድቶ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር” አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሲያለቅሱ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሂድም ተቀመጥም አላሉኝም።

በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ “ለእኔ ነገርከኝ፤ ሰማሁህ። ነገር ግን ልጆቼን ሰው ‘አባታችሁ አህያ ሲደበድብ መኪና ገባበት’ ይላቸዋል። ከየት አመጣችሁት ሲባሉ ወረቀት ላይ አለ ይላሉ። እኔ ወረቀት ላይ መጻፍ አልችልም። አንተ የጻፍክበት ቦታ ሄደህ አንተው አውጣው። ከዚያ በኋላ ይቅር ልበልህ አልበልህ አስብበታለሁ።”

የመጀመሪያው እርቅ በውሸት የተገኘ ስለነበር ይቅርታቸውን መልሰው ቢወስዱ ቅር አልልም። ይህን ማመልከቻ የጻፍኩት በእሳቸው ትእዛዝ ነው።

11. ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) መዝገቡ ተከፍቶ፣ ሟች ከግራ በኩል በድንገት ገቡ፣ አህያ ይመቱ ነበር፣ ፊታቸውንም አዙረው ነበር የሚሉት ቃሎቼ ሐሰት መሆናቸው እንዲጻፍልኝ፤ በምትኩ ሟች የመንገዱን ጥግ ይዘው ይጓዙ እንደነበርና ሹፌሩ በመሪው ላይ ተኝቶ እንደገጫቸው እንዲመዘገብ፤

ለ) ወ/ሮ ሶፍያ ፈቃደኛ ስለሆኑ ቃላቸውን እንዲሰጡ እንዲጠሩ፤ አድራሻቸውን አያይዣለሁ፤

ሐ) ለፈጸምኩት የሰው መግደልና ለሐሰት ቃሌ ሕጉ የሚለው ሁሉ እንዲፈጸምብኝ፤ መንጃ ፈቃዴን ከዚህ ጋር ስላስረከብኩ እንዳይመለስልኝ፤ ለሟች ቤተሰብ በሕግ የሚገባቸው ካለም መዝገቡ በእኔ ውሸት መዘጋቱ እንዳያስቀርባቸው፤

መ) ይህኛው ከእኔ ጉዳይ የሰፋ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር ሶዶ ላይ ተተኪ ካላገኘ መኪናው እንዳይወጣ የሚያደርግ ቁጥጥር በመናኸሪያ በር ላይ እንዲታሰብበት እለምናለሁ። በር ላይ የሚቆመው ተቆጣጣሪ የተሳፋሪ ቁጥር ያያል፣ ጎማ ያያል። ሹፌሩን “ስንት ሰዓት ተኛህ?” ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔን ማንም ቢጠይቀኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም፤ “እችላለሁ” ያልኩት እኔው ነኝና። ስለዚህ ለሹፌሩ አፍ ብቻ የሚተው ባይሆን መልካም ነው።

ሠ) የታረመው መዝገብ ለወ/ሮ አስካለች ሲነገራቸው በጽሑፍ ብቻ እንዳይሆን። ወ/ሮ አስካለች አማርኛ ስለማይሰሙ፣ ከክፍልዎ ወላይትኛ የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ ተመድቦ በልጆቻቸውና በጎረቤቶቻቸው ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው እለምናለሁ። እኔ ላንብብ ብዬ አልጠይቅም። ስለ ባላቸው አሟሟት ከእኔ አፍ ሁለት ጊዜ ሰምተዋል፤ ሁለቱም የተለያዩ ነበሩ። ሦስተኛውን ዋሽቷቸው ከማያውቅ ሰው አፍ ይስሙት።

ልብሴንና መጽሐፍ ቅዱሴን አዘጋጅታ እንድታስቀምጥልኝ ለሩት ነግሬያታለሁ። ጥሪ በደረሰኝ ቀን እቀርባለሁ።

ለሥራዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ደገፉ ጩማ

አባሪ፦ አንድ መንጃ ፈቃድ፤ አንድ የምስክር አድራሻ

ግልባጭ፦ ለወ/ሮ አስካለች ዳና፣ ሁምቦ